ቅኔ መመርመርና ቅኔ መቁጠር

ወንድሜ፣ «ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ጄኔሬቲቭ ኤአይ አንድ ናቸው ወይ?» ላልከው፦ ሁለተኛው የመጀመሪያው አንድ ቅርንጫፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን በቼዝ የረታው ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተርም፣ የማይፈለግ ኢሜይል የሚለየው ፕሮግራምም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ናቸው፤ ይመርጣሉ፣ ይለያሉ።

ጄኔሬቲቩ ግን አዲስ ጽሑፍ፣ ሥዕል ወይም ድምፅ ያወጣል። የጎጃም ሰው ነህና በቅኔ ቤት ላስረዳህ፦ የቀረበ ቅኔ ቤት መምታቱን መመርመር አንድ ሙያ ነው፤ ከሰሙት ተነሥቶ ያልተባለውን መቁጠር፣ ማለት አዲስ ቅኔ መፍጠር፣ ደግሞ ሌላ። ብቻ ተማሪው ወርቁን አውቆ ነው የሚቆጥረው። ጄኔሬቲቭ የሆነው ቻትጂፒቲ ግን ከተማረው ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ይሄዳል። ስለዚህ ስለ ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ብትጠይቀው፣ አንደበቱ የተቃና ስሕተት ሊነግርህ ይችላል፤ አደራህን፣ መሪጌታ ሳትጠይቅ አትጻፈው።