ቶፉ፣ ዱባና ኑድል በጾም ይበላል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። የምሠራው ቻይናውያን በሚበዙበት ፋብሪካ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ቶፉ የሚሉትን ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነገር ከዱባና ከኑድል ጋር ጠብሰው ሲያቀርቡ አይቼ ወደድኩት፤ ቤትም መሥራት ጀመርኩ። እናቴ ግን «ይኼ አይብ ነው፤ በጾም ቤቴ እንዳታስገቢ» አለችኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ኑድሉ እንቁላል አለበት ትላለች። ለመሆኑ በጾም እንዲህ የሚጥም ምግብ መሥራትስ ጾሙን አያጎድለውም? የሚበላ ከሆነም አሠራሩን ቢያስረዱኝ፤ እኔ ስሠራው ቶፉው ይፈራርሳል፣ ዱባው ገንፎ ይሆናል፣ ኑድሉም እርስ በርሱ ይጣበቃል።

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅታችን፣ ከእናትዎ ጥርጣሬ እንነሣ። ቶፉ አይብ አይደለም። አይብ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከወጣለት በኋላ የቀረው አሬራ በእሳት ሲሞቅ የሚረጋው ነው። ቶፉ ደግሞ አኩሪ አተር ተዘፍዝፎና ተፈጭቶ፣ ጭማቂው ከፈላ በኋላ በሎሚ ወይም በሆምጣጤ የሚረጋ ነው፤ ፋብሪካ ሲሠራው በማግኒዥየም ክሎራይድ ወይም በካልሲየም ሰልፌት ያረጋዋል። ከእንስሳ የሚገባበት ነገር የለም። እናትዎን ያጠራጠራቸው መመሳሰሉ ነው፤ ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ከቢጫ ውኃ ተለይተው ይረጋሉ፣ ሁለቱም በጨርቅ ይጠለላሉ። በዚያ ላይ ሰዉ «የአኩሪ አተር ወተት»፣ «የአኩሪ አተር አይብ» እያለ ይጠራዋል። በስም ከሆነማ የሽምብራ ዓሣን እናቶቻችን በጾም ባልሠሩት ነበር፤ የሱፍ ፍትፍትንም ውኃው እንደ ወተት ነጭ ስለሆነ የተወው የለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የሚከለከለው ምግቡ የተገኘበት ነው፦ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላልና ከእንስሳ የሚወጣ ሌላው ሁሉ። ቶፉ ከዚህ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ በጾም ይበላል።

እናትዎን ግን በክርክር አይርቷቸው። ለሃይማኖታቸው ተቆርቁረው የተናገሩት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ስለ መብል ብለን ወንድማችንን እንዳናሳዝን በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 14 አስተምሯል። የሚሻለው አኩሪ አተሩን እርሳቸው ፊት ዘፍዝፎ፣ ፈጭቶ፣ ሎሚውን ጨምሮ ሲረጋ ማሳየት ነው። በዓይናቸው እስኪያዩና ልባቸው እስኪያርፍ ድረስ በእርሳቸው ገበታ ላይ አያቅርቡት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግማሽ ኪሎ አኩሪ አተር ለቅመውና አጥበው ማታ በ2 ሊትር ውኃ ይዘፍዝፉ። በደጋ ለ12 ሰዓት ያህል ቢቆይ ችግር የለውም፤ በድሬዳዋ ሙቀት ግን ሲዘገይ አረፋ ያወጣና ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ ለ8 ሰዓት ያህል ይበቃል፣ ማቀዝቀዣ ካለዎትም እዚያ ይደር። መራሱን ለማወቅ አንዷን ፍሬ ለሁለት ይክፈሉ፤ ውስጧ ሜዳ ሆኖ አንድ ዓይነት ቀለም ካለው ደርሷል፣ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ይቀረዋል። የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍተው ከ4 ሊትር አዲስ ውኃ ጋር እየከፋፈሉ በጁስ መፍጫ ያልሙት። ድስቱ ሲሞላ ከግማሹ የማያልፍ ትልቅ ይሁን፤ አኩሪ አተር ሲፈላ ድንገት ተነፍቶ ይገነፍላል፣ ከሥርም ቶሎ ያርራል፤ ስለዚህ አጠገቡ ሆነው ያማስሉ። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያብስሉት። ይህን ጊዜ አያሳጥሩ፤ በጥሬው አኩሪ አተር ውስጥ ሆድ ፕሮቲኑን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለ፣ ያንን የሚያጠፋው ሙቀት ነው።

ከዚያ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጨምቀው ያጥሉት። ነጩን ጭማቂ እንደገና እስኪፈላ አሙቀው ያውርዱና 5 ደቂቃ ያህል ያሳርፉት። 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው በሦስት ዙር ይጨምሩ፤ በየዙሩ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ በቀስታ አማስለው ይተዉት። ከድነው 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ከርጎው የተለየው ውኃ ጥርት ያለ ቢጫ ከሆነ ረግቷል፤ ወተት መስሎ ከቀረ አንድ ማንኪያ ሎሚ ይጨመርበት። ርጎውን ጨርቅ በተነጠፈበት ወንፊት ገልብጠው፣ ጨርቁን አጥፈው፣ 2 ኪሎ የሚመዝን ነገር ጭነውበት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ያቆዩት። 700 ግራም ያህል ይወጣዋል። የእርስዎ የሚፈራርሰው ከሁለት በአንዱ ነው፤ ወይ ሎሚው ሲገባ በብዛት ተማስሎ ርጎው ተሰባብሯል፣ ወይ ውኃው ሳይወጣለት ወደ ዘይት ገብቷል። በጨርቅ ውስጥ የሚቀረውን ምጥጥ አይጣሉት፤ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ቁሌት ሲገባበት ጥሩ ወጥ ይሆናል።

አሁን ወደ ኑድሉ። ጎረቤትዎ በከፊል ልክ ናቸው። ኑድል ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከስንዴ ዱቄትና ከውኃ ብቻ የሚሠራ አለ፣ እንቁላል የሚገባበትም አለ። ቢጫ መሆኑን አይተው አይፍረዱ፤ ቢጫነቱ ከእንቁላል ሊሆን ይችላል፣ ከቀለምም ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከሆነ «ኤግ» (እንቁላል)፣ «ሚልክ» (ወተት)፣ «ዌይ» እና «ኬዚን» (ሁለቱም ከወተት የሚወጡ)፣ «ቺክን» (ዶሮ)፣ «ጄላቲን» (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራ)፣ «ላርድ» (የአሳማ ስብ) የሚሉትን ይፈልጉ፤ አንዱ እንኳ ካለ የፍስክ ነው። በከተማችን ሰው ሁሉ ኢንዶሚ እያለ በሚጠራው የፈጣን ኑድል ዓይነት ላይ ደግሞ ከኑድሉ ይልቅ የሚያሳስበው አብሮት ያለው ትንሽ የቅመም ከረጢት ነው፤ የዶሮ ጣዕም የሚል ከሆነ ከረጢቱን ሳይከፍቱ ያስወግዱት። ከተጠራጠሩ ቀጭን ደረቅ ፓስታ ይግዙ፤ እርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከጠንካራ ስንዴና ከውኃ ነው የሚሠራው።

እዚህ ላይ ሁለት ማኅተሞች ሰውን ያሳስታሉ። በከተማችን «ታይዋን» በሚባለው ገበያም ሆነ በየሱቁ ከሚሸጠው ከውጭ የገባ ምግብ ብዙው «ሐላል» የሚል አለበት። ያ ለሙስሊም ወገኖቻችን የተጻፈ ነው፤ ሐላል የሆነ ዶሮም፣ ሐላል የሆነ ወተትም አለ፣ ስለዚህ የጾም ነው ማለት አይደለም። «ቬጀቴሪያን» የሚለውም ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው፤ እንቁላልና ወተት ሊኖረው ይችላል። ከጾማችን ጋር የሚቀራረበው «ቪጋን» የሚለው ነው። ጥቁሩ ሶያ ሶስ የሚሠራው ከአኩሪ አተር፣ ከስንዴና ከጨው ስለሆነ ችግር የለበትም። ኦይስተር ሶስ ከባሕር እንስሳ፣ ፊሽ ሶስ ከዓሣ ስለሆኑ ይቅሩ። ቻይናውያኑ ለማብሰያ የሚጨምሩት ወይንም በጾም አይግባ። በሥራ ቦታ ደግሞ ዘይቱን ይጠይቁ፤ መጥበሻው በሙቅ ውኃና በሳሙና ቢታጠብ ይበቃል፣ ዶሮና እንቁላል የተጠበሰበት ዘይት ግን በማጥለል የጾም አይሆንም።

ስለ መጣሙ ለጠየቁት፣ ምግብን አሳምሮ ማብሰል ኃጢአት አይደለም። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ለ10 ቀን ጥራጥሬ በልቶ ውኃ ጠጥቶ ፊቱ አምሮ ታይቷል። ያው ዳንኤል በምዕራፍ 10 ላይ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያዝን ማለፊያ እንጀራ እንኳ አልበላም። ያንኑ ሰው በሁለቱ ቦታ ስናይ የጾም ክብደት እንደ ጊዜው እንደሚለያይ እንማራለን። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾመ ነቢያት፣ በጾመ ሐዋርያት ይህን ጥብስ መሥራት ይችላሉ። በሰሙነ ሕማማት ግን መጥበሻውን ሰቅለው በቆሎ፣ በንፍሮና በዳቦ ቢያሳልፉት ለሐዘኑ ይስማማል። ሌሎቹን ጾሞች የሚያበላሸው ጣዕሙ አይደለም፤ እስኪቆርጥዎ መብላት፣ ከቅዳሴ ቀርቶ ሽንኩርት መክተፍና ለአንድ ጠርሙስ ሶስ የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ማውጣት ነው። ሰዓቱን በተመለከተ የጾም ሥርዓት በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ተደንግጓል፤ በእርስዎ ሥራና ጤና ላይ እንዴት እንደሚሆን ግን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ። የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲቀምሱ ለሚውሉ ይህ ምክር የግድ ያስፈልጋል።

ጥብሱ ለአራት ሰው የሚሆነው እንዲህ ነው፦ 400 ግራም ቶፉ፣ ተልጦ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ዱባ፣ 250 ግራም ደረቅ ኑድል፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ 2 ቃሪያ። ካሮቱ የሐሮማያ ቢሆን ደስ ይላል፣ ዱባው ግን ጠንካራና ሥጋው ጥልቅ ብርቱካንማ የሆነውን ይምረጡ፤ ውኃማው ዱባ ምንም ቢያደርጉት ይሟሟል። ማዋሃጃውን አስቀድመው በጥብጠው ያስቀምጡ፦ 3 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮርን ፍላወር፣ 1 የቡና ስኒ ውኃ። ጨው አይጨምሩ፤ ሶያ ሶሱ ራሱ በጣም ጨዋማ ነው።

ኑድሉን ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጊዜ 1 ደቂቃ ቀንሰው ይቀቅሉ፤ ቀሪውን መጥበሻው ላይ ይበስላል። ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ያለቅልቁትና በደንብ አንጠፍጥፈው በ1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ይሹት። የሚጣበቀው ላዩ ላይ የቀረው ስታርች ሲደርቅ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ነው፤ ማለቅለቁ እርሱን ያጥባል።

ቶፉውን 2 ሳንቲ ሜትር በ2 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው በጨርቅ አድርቀው ትንሽ ኮርን ፍላወር ይነስንሱበት። 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በደንብ ሲግል ሳይደራርቡ ደርድረው እጅዎን ይሰብስቡ። መጀመሪያ በኃይል ይንጫጫል፤ ያ ውኃው ሲወጣ ነው። ድምፁ እየቀነሰ ሲመጣና ሦስት ደቂቃ ያህል ሲሆነው ከሥሩ ወርቃማ ቅርፊት ያበጃል፣ ያኔ መጥበሻውን ሲነቀንቁት ራሱ ይለቃል። ሳይለቅ በማንኪያ የሚፍቁት ከሆነ ቅርፊቱ መጥበሻው ላይ ይቀራል። ሌላውን ጎን ጠብሰው ያውጡት።

ዱባውን 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ቁርጦች ያዘጋጁ፤ ከዚያ ካነሰ ገንፎ ይሆናል። 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረው 4 ደቂቃ ሳይከድኑ ይጥበሱት፣ ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ግማሽ የቡና ስኒ ውኃ ጠብ አድርገው ለ3 ደቂቃ ይክደኑት። የቢላ ጫፍ ትንሽ ገትሮ የሚገባበት ጊዜ ላይ ያውጡት፤ በቀላሉ ከገባ አልፏል። በዱባ ምትክ ዝኩኒ ከሆነ ውኃም ክዳንም አያስፈልገውም፣ 2 ደቂቃ በኃይለኛ እሳት ይበቃዋል።

በዚያው መጥበሻ ሽንኩርቱንና ካሮቱን 2 ደቂቃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን 30 ሰከንድ ያቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርት አስቀድሞ ከገባ አርሮ ይመራል። ኑድሉንና ማዋሃጃውን አንድ ላይ ጨምረው 2 ደቂቃ ያገላብጡ፣ ፈሳሹ አንጸባርቆ ኑድሉን ሲይዝ ቶፉውን፣ ዱባውንና ቃሪያውን መልሰው ከሥር ወደ ላይ አንድ ሁለቴ ብቻ አንሥተው ያውርዱ። የኤሌክትሪክ ምድጃዎ እሳቱ ደካማ ከሆነ የአራቱን ሰው በሁለት ዙር ይሥሩት፤ መጥበሻው ሲጨናነቅ ሁሉም በራሱ ውኃ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። የከሰል ምድጃ ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው።

የተረፈውን ቶፉ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ነክረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩ፤ ውኃው በየቀኑ ከተለወጠ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ከማቀዝቀዣ ውጭ ግን የድሬዳዋ ሙቀት በጥቂት ሰዓት ያበላሸዋል፤ ሲዳሰስ ካሙለጨለጨና ከኮመጠጠ ይጣል። ይህን የማነሣው ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሲነግሥ ጾመ ነቢያት ላይ ስለሚውል፣ ብዙ ሰው ለመንገድ ስንቅ ስለሚያዘጋጅም ነው። ለዚያ መንገድ ቶፉና ኑድል አይያዙ፤ ቆሎ፣ ዳቦና በሶ ይያዙ፣ ቶፉውን ሲመለሱ ያደርሱበታል።