የቤተ መጻሕፍት ፈረቃ በጋራ ካላንደር፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ውስጥ በቤተ መጻሕፍት የምትሠሩ፣ ፈረቃ በጎግል ካላንደር ስለመደልደል የጠየቃችሁትን እነሆ።

ጥያቄ፦ የጠዋት ፈረቃዬ 2፡30 ነው። ስልኬ ግን ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ 2፡30ን እንዳለ ስለሞላሽው ነው። ካላንደሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ለእሱ ያ በእኛ ከሌሊቱ 8፡30 ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብተሽ አጻጻፉን ባለ 24 ሰዓት፣ የሰዓት ቀጠናውን ምሥራቅ አፍሪካ አድርጊ። ከዚያ በቀኑ ሰዓት ላይ 6፣ በማታው ላይ 18 ደምሪ፦ ጠዋት 2፡30 08፡30 ይሆናል፣ ከሰዓት 8፡00 14፡00፣ ማታ 4፡00 22፡00። ርዕሱ ላይ ግን በእኛው ሰዓት ጻፊ፦ «ውሰት ዴስክ፣ 2፡30–6፡30፣ ጫልቱ»። አብዛኛው መዘበራረቅ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ይህን ሳታስተካክሉ ሌላውን አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ 12 ነን። ማን ያርም?

መልስ፦ አስተባባሪውና ተተኪው ብቻ። ለሌላው ዝርዝሩን የማየት ፈቃድ ይበቃል። ሁሉም ማረም ከቻለ ስልክ ላይ ጣት ሲነካው ፈረቃው ወደ ሌላ ቀን ሊንሸራተት ይችላል። በስህተት የተሰረዘውን በ30 ቀን ውስጥ ከመጣያው መልሱት። ካላንደሩን በሥራ ክፍሉ አካውንት፣ በኮምፒውተር ክፈቱ፤ በአንድ ሰው የግል አካውንት ከተከፈተ ሰውየው ሲለቅ ሰንጠረዡም አብሮት ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ በየወሩ በ1 እንዲደጋገም ብናዘው ከወራችን ጋር አልገጠመም።

መልስ፦ አይገጥምም፤ ካላንደሩ የሚደጋግመው በፈረንጅ ወር ነው፣ ጳጉሜን አይቆጥራትም። በሳምንት ይደጋገም፣ ሰኞ በሁለቱም አቆጣጠር ሰኞ ነው። የማብቂያ ቀኑንም ስጡት። የ2019 ጳጉሜ 6 ቀን ስላላት የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 እንደሚውል ልብ በሉ። ኢድ በጨረቃ ስለሚወሰን ሁለቱንም ቀን «ተጠባባቂ» ብላችሁ ያዙ። የዓርብን ፈረቃ ደግሞ የጁምዓን ሰዓት አይታችሁ ለብቻው ደልድሉት።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰው ሲቀያየርስ?

መልስ፦ አስተባባሪው ስሙን ሲለውጥ «ይህን ብቻ» ይምረጥ። «ሁሉንም» ካለ ያለፈው ሳምንትም ይቀየርና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲሠራ ጭቅጭቅ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ?

መልስ፦ ስልኩ ቀድሞ የጫነውን ያሳያል፣ አዲስ ለውጥ ግን አይደርሰውም። ዓርብ ከሰዓት የሚቀጥለውን ሳምንት አትማችሁ ዴስኩ ላይ ለጥፉ፤ የታተመበትን ቀንና ሰዓት ጥጉ ላይ ጻፉበት።