ስማቸው አንድ የሆነ ዘፈኖችና ተከታታይ ድራማዎች፦ ጥያቄና መልስ

ርዕሳቸው ስለሚገጥም ታዋቂ ዘፈኖችና የቴሌቪዥን ድራማዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ ስለመጣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የድራማና የዘፈን ስም አንድ ከሆነ አንዱ ከሌላው ወስዷል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እኔ መጀመሪያ የማየው የትኛው ቀድሞ እንደወጣ ነው። መቅደም ብቻውን ግን ማስረጃ ስለማይሆን፣ ዘፈኑ በድራማው ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ስዊድናዊቷ ዘፋኝ ሎሪን በ2012 ባኩ ላይ ዩሮቪዥን የተባለውን የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ያሸነፈችው «ዩፎሪያ» በሚለው ዘፈኗ ነው። በዚያው ዓመት እስራኤል ውስጥ በዚሁ ስም ድራማ ተጀመረ፤ በ2019 የወጣው የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ የኤችቢኦ «ዩፎሪያ» መነሻውም እሱ ነው። ዘፈኑ ግን ከሁለቱም ጋር አይገናኝም።

ጥያቄ፦ ስሙን ከዘፈን ወስዶ በደንብ የተጠቀመበት ድራማ የትኛው ነው ትላለህ?

መልስ፦ ያለ ጥርጥር የቢቢሲው «ላይፍ ኦን ማርስ»። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ዘፈኑን በ1971 «ሃንኪ ዶሪ» በሚለው አልበሙ አወጣው፤ ለብቻው በነጠላ ዘፈንነት የወጣው ደግሞ በ1973 ነው። ይህችን ዓመት ያዙልኝ። በ2006 የጀመረው ድራማ ሳም ታይለር ስለሚባል የማንቸስተር መርማሪ ፖሊስ ነው። ሳም መኪናውን አቁሞ ይወርዳል፤ ዘፈኑ ከውስጥ ይሰማል፤ ሌላ መኪና ይገጨዋል። ሲነቃ 1973 ላይ ነው፤ አጠገቡ ካለችው አሮጌ መኪና የካሴት ማጫወቻ ያው ዘፈን እየወጣ ነው። ሰውየው ሞቷል? አብዷል? ወይስ ኮማ ውስጥ ነው? ጥያቄው እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። ዘፈኑ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው መሻገሪያው ሆኗል፤ እንዲህ ሲሆን ርዕስ መዋስ ያምርበታል።

ቀጣዩ ድራማ «አሽስ ቱ አሽስ» በ2008 ሲመጣም ስሙን የወሰደው ከቦዊ የ1980 ዘፈን ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋ አሌክስ ድሬክ 1981 ላይ ትነቃለች፤ በዘፈኑ ቪዲዮ ቦዊ የለበሰውን የመሰለ ነጭ ልብስ የለበሰ ቀልደኛም (ክላውን) እየተከተለ ያስፈራራታል።

ጥያቄ፦ «ላይፍ ኦን ማርስ» በሌሎች አገሮች ሲሠራ ስሙስ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስፔኖች በ2009 ሲሠሩት የቦዊን ዘፈን ትተው «ላ ቺካ ዴ አየር» አሉት። ይህ ናቻ ፖፕ የተባለው የራሳቸው ባንድ ታዋቂ ዘፈን ነው። ለተመልካቻቸው ትዝታ የሚቀሰቅስ ዘፈን መምረጣቸው ትክክል ነበር እላለሁ። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤቢሲ ግን ስሙን እንዳለ ወሰደው። ያላያችሁት ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ዝለሉት፦ መጨረሻው ላይ ሳም በ2035 ወደ ማርስ የሚጓዝ ጠፈርተኛ ሆኖ ይገኛል። ርዕሱን ቃል በቃል መውሰዳቸው ለእኔ ድራማውን ጎድቶታል።

ጥያቄ፦ «ዋን ትሪ ሂል» የአየርላንዱ ባንድ የዩቱ ዘፈን አይደል እንዴ?

መልስ፦ አዎ፣ በ1987 «ዘ ጆሹዋ ትሪ» አልበም ውስጥ ያለ ነው፤ የ2003ቱ ድራማ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ብዙዎቹ ክፍሎቹም የተሰየሙት በዘፈን ስም ነው። ዘፈኑ ግን ስለ ቅርጫት ኳስም ሆነ ስለ ትምህርት ቤት ፍቅር አይደለም። ለባንዱ ይሠራ ለነበረውና በ1986 ደብሊን ውስጥ በሞተር ብስክሌት አደጋ ለሞተው የኒውዚላንድ ማኦሪ ተወላጅ ለግሬግ ካሮል መታሰቢያ ነው። ዘፈኑ የተሰየመበት ኮረብታ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ ይገኛል። ድራማውን ብቻ የምታውቁ እባካችሁ ዘፈኑን ይህን አስባችሁ ስሙት።

ጥያቄ፦ ርዕስ መውሰድ አያስከስስም?

መልስ፦ በአሜሪካ ሕግ ርዕስ ብቻውን በቅጂ መብት አይጠበቅም። ክስ ከመጣ የሚመጣው በንግድ ምልክት ወይም «ሕዝቡን ያደናግራል» በሚል በኩል ነው። የአሜሪካው ሮክ ባንድ ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ በ1999 «ካሊፎርኒኬሽን»ን አወጡ፤ በ2007 ሾውታይም የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በዚሁ ስም ድራማ ሲጀምር ከሰሱት። ድራማው ውስጥ ዳኒ ካሊፎርኒያ የምትባል ገጸ ባሕርይ መኖሯ ነገሩን አባባሰው፤ ይህ ስም የባንዱ የ2006 ዘፈን ርዕስ ነውና። የስም ነገር ይህ ሲሆን፣ ዘፈኑን ራሱን ድራማ ውስጥ ማሰማት ግን ሌላ ነው፦ ከዘፈኑ ደራሲም፣ ከተቀዳው ድምፅ ባለቤትም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ዘፈን ከድራማ የወሰደበትስ አለ?

መልስ፦ ሞልቷል። የእንግሊዙ ባንድ ኦኤሲስ በ1994 የመጀመሪያ አልበማቸውን የዘጉበት «ማሪድ ዊዝ ችልድረን» ስሙ ከአሜሪካው አስቂኝ ድራማ የመጣ ነው። በድራማው ስም የሚጠሩ የመክፈቻ ሙዚቃዎችንም አትርሱ፦ ቬንቸርስ የተባለው ባንድ የተጫወተው «ሃዋይ ፋይቭ ኦ» በ1969 በቢልቦርድ፣ ማለትም በአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ፣ 4ኛ ደርሷል፤ የያን ሃመር የ«ማያሚ ቫይስ» ሙዚቃ ደግሞ በ1985 1ኛ ሆኗል፤ ያውም ያለ አንድ ቃል ግጥም።

ጥያቄ፦ የዘፋኙ የኤድ ሺራን «ዘ ኤ ቲም» እና የአርኬድ ፋየር ባንድ «ብላክ ሚረር»ስ?

መልስ፦ የሺራን ዘፈን በዚሁ ስም ከተጠራው የ1983ቱ ድራማ ጋር አይገናኝም፤ በእንግሊዝ ሕግ በከባዱ ምድብ «ኤ» ውስጥ በተመደበ አደንዛዥ ዕፅ ሱስ ስለተያዘች ሴት ነው። «ብላክ ሚረር» የሚለው ዘፈን በ2007፣ ድራማው በ2011 ወጥተዋል፤ የድራማው ፈጣሪ ቻርሊ ብሩከር ስሙን የሚያብራራው ግን ሲጠፋ ጥቁር መስታወት በሚመስለው የስልክና የቴሌቪዥን ስክሪን ነው።