ወፍራሙ ጠባብ ፊደል ለምን ይደፈናል?

ጥያቄ፦ ለሙዚቃ ዝግጅት ፖስተር የድሮ መልክ ያለው፣ ወፍራምና ጠባብ ባለ ሰሪፍ (በጭረቶቹ ጫፍ ላይ ትንንሽ ቅጥያ ያለው) የላቲን ፎንት ተጠቀምኩ። ስክሪን ላይ እንከን አልነበረውም። ታትሞ ሲመጣ ግን በ14 ነጥብ መጠን በጥቁር በጻፍኩት መስመር የትንሿ «ኢ» (e) እና የትንሿ «ኤ» (a) ሆድ፣ ማለትም ውስጣቸው ያለው ባዶ ቦታ፣ ተደፍኗል። በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ያስገባሁት ቀን ደግሞ ቀጫጭን ጭረቶቹ ጠፍተው የተቆራረጠ መሰለ። ማተሚያ ቤቱ ነው ያበላሸብኝ?

መልስ፦ ማተሚያ ቤቱን ከመውቀስዎ በፊት መጠኑን ይዩ። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ከጠርዙ ጥቂት ይሰፋል፤ ወረቀቱ አንጸባራቂ ሽፋን የሌለው፣ ቀለም የሚመጥ ከሆነ ይብሳል። በጥቁር ሲጻፍ ቀለሙ ወደ ፊደሉ ሆድ ይገባል፤ በነጭ ሲሆን ከውጭ እየገፋ ቀጭኑን ጭረትና የሰሪፉን ጫፍ ይበላዋል። የዚህ ዓይነት ፊደል ሆድ ደግሞ ሲጀመርም ስንጥቅ ያህል ነው። ቀለሙ በ72 ነጥብም በ14 ነጥብም የሚሰፋው ያንኑ ያህል ነው፤ ትልቁ ይችለዋል፣ ትንሹ አይችለውም።

ስለዚህ ፎንቱን ለርዕስ ይተዉት፤ ከ36 ነጥብ በታች ባያወርዱት ይመረጣል። ቀንና ቦታውን በሌላ ቀለል ባለ ፎንት ይጻፉ። በነጭ መጻፍ ግድ ከሆነ መደቡን በጥቁር ቀለም ብቻ ይሙሉት። አራቱ የኅትመት ቀለሞች (ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) ተደራርበው ከታተሙ የፀጉር ያህል መዛነፍ ቀጭኑን ጭረት ይሸፍነዋል። ትራኪንጉን (በፊደሎቹ ሁሉ መካከል ያለውን ክፍተት) ከ10 እስከ 20 ከፍ ማድረግም ይረዳል። ትልቁን ርዕስ ግን አያላሉት፤ ይልቅ «ኤ» (A) እና «ቪ» (V)፣ «ቲ» (T) እና ትንሿ «ኦ» (o) ጎን ለጎን ሲመጡ የሚፈጠረውን ክፍተት በእጅ ያጥብቡ። ፋይሉን ከመላክዎ በፊት አንድ ቃል በ100 ፐርሰንት መጠን፣ በዚያው ወረቀት ላይ አሳትመው ይዩ።

ጥያቄ፦ ጠባብ ፎንት ከመግዛት ያለኝን መደበኛ ሰሪፍ ወርዱን ወደ 60 ፐርሰንት ባጠብበውስ?

መልስ፦ ያስታውቃል። 10 ሚሊሜትር የነበረው ቋሚ ጭረት 6 ይሆናል፤ አግዳሚው ግን በነበረበት ይቀራል። የዚህ ፊደል ውበት በወፍራሙ ቋሚና በቀጭኑ አግዳሚ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ያ ሲጠፋ «ኦ» (O) ከግራና ቀኝ የተጫኗት ቀለበት ትመስላለች። በትክክል የተሠራ ጠባብ ፎንት የሚያጠብበው ሆዱን ነው፤ ቋሚውን ያን ያህል አያቀጥንም። ዳሪየስ ዌልስ በ1827 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ የእንጨት ፊደል በብዛት ማምረት ከጀመረ በኋላ፣ ፖስተር አታሚዎች ረጅም ቃል በአንድ ወረቀት ወርድ ላይ አግዝፈው ያስገቡ የነበረው በጠባብ ፊደል ነው። እንጨት አይጨመቅምና ለየወርዱ እንደ አዲስ ይቀረጽ ነበር።

ሲገዙ ፈቃዱ ለኅትመት ብቻ ይሁን ለድረ ገጽም ያንብቡ። ፎንቱ የግዕዝ ፊደል ከሌለው ኮምፒውተሩ አማርኛውን ከሌላ ፎንት ያመጣል፤ ከላቲኑ አጠገብ ቀጭንና ሰፊ ሆኖ ይቀመጣል። ያኔ ወፍራም የግዕዝ ፎንት ለብቻው ይምረጡ። በመጭመቅ ላመሳስል ካሉ መጀመሪያ የምታጥረው «ሹ»ን ከ«ሺ» የምትለየው የጎን ቅጥያ ናት።