የዓይን ግፊት 15 ሆኖ ግላኮማ ለተባሉት እናትሽ

እህቴ፣ እናቴ የዓይን ግፊታቸው 15 ነው ግን ግላኮማ አለባቸው ተባለ፣ አሁን ደሞ የዓይናቸው ደም ፍሰት ይታይ ተብለናል ይጠቅማል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ከታወቀብኝ ስድስት አመት ሆነኝ፣ ግፊቴ ከ16 አልፎ አያውቅም ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ግን ተጎድቷል፣ ግላኮማ ማለት ይሄ የነርቭ ጉዳት ነው። የጤናማ ዓይን ግፊት ጣሪያ ነው የሚሉት 21 እኮ አጥር አይደለም፣ ጃፓን ታጂሚ ከተማ ላይ በተጠናው ጥናት ዋናው አይነት ግላኮማ ካለባቸው 92 በመቶዎቹ ግፊታቸው ከ21 አይበልጥም ነበር።

ምርመራው ኦሲቲ አንጂዮግራፊ ከሆነ አይፍሩ፣ መርፌም ቀለምም የለውም። አገጭ አስደግፎ አንድ ነጥብ ማየት ነው፣ ማሽኑ ያንኑ ቦታ በብርሃን ደጋግሞ ያነሳዋል፣ ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት ነው የሚገኘው ደሙ ግን ስለሚሄድ ምስሉ ይለያያል፣ ከዛ ልዩነት ነው የቀጫጭን ደም ስሮቹን ካርታ የሚያወጣው። እኔ ጋ ከነርቩ በታች በኩል ደም ስሩ ሳስቶ ታየ፣ ቪዥዋል ፊልድ በሚሉት የእይታ ስፋት ምርመራ ላይ ከላይ በኩል ከጠፋብኝ እይታ ጋር ልክ ገጠመ። ዓይኔ ደርቆ ስላርገበገብኩ የመጀመሪያው ተበላሽቶ ነው በሁለተኛው የታየው፣ ስለዚ ዓይናቸው የሚደርቅ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ይሄ ምርመራ የደሙን ፍጥነት ግን አይነግርሽም፣ ፍጥነት የሚለካው ዓይን ተጨፍኖ ከላዩ ጄል ተቀብቶ የሚደረገው ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው፣ እሱም ከዓይን ኋላ ያሉትን ትልልቆቹን ደም ስሮች ነው የሚያየው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በውጤቱ የዓይን ግፊት የሚቀንሰው ጠብታዬ አልተቀየረም። ደም ስላነሰው ነው ነርቩ የሚሞተው ወይስ ነርቩ ስለሞተ ነው ደሙ የሚያንሰው የሚለው ገና ያከራክራል፣ እንደሚሰራ የተረጋገጠው የዓይን ግፊቱን መቀነስ ነው፣ 15 እንኳን ቢሆን። እኔን የጠቀመኝ ከዛ በኋላ ሐኪሟ የደም ግፊት ኪኒን ስንት ሰዓት ነው የምትወስጂው ብላ መጠየቋ ነው። ማታ ልተኛ ስል ነበር የምውጠው። ደም ወደ ዓይን የሚገባው የደም ግፊቱ ገፍቶት ነው፣ የዓይን ግፊት ደሞ ይመልሰዋል፣ ሌሊት ደም ግፊት ይወርዳል ስንተኛ ደሞ የዓይን ግፊት ከፍ ይላል፣ ኪኒኑ ሲጨመርበት አስቢው! 24 ሰዓት የሚለካ መሳሪያ ክንዴ ላይ አስረውልኝ ሌሊት በጣም እንደሚወርድ ታየ፣ የልብ ሐኪሜ ወደ ጠዋት አዞረልኝ። በራሳችሁ ግን እንዳትቀይሩ፣ እባክሽ።

እናትሽ የደም ግፊት መድሃኒት ይወስዳሉ? ስንት ሰዓት ላይ? አንቺም ልጃቸው ነሽና ነርቭሽን ታዪ፣ የዓይን ግፊት ብቻ ለክተው እንዳይሸኙሽ።