ካርታው ታብሌቱ ውስጥ አለ? ስለ በረራ አፖች ኦፍላይንና ኦንላይን ዳታ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት፦ ታብሌታችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ዋይፋዩንም አጥፉ። አፑን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ። ከዚያ መስመራችሁን ከመነሻ እስከ መድረሻ በጣት እየተከተላችሁ ዙም አድርጉ። ግራጫ ወይም የደበዘዘ ቦታ ካጋጠማችሁ የዚያ ቦታ ካርታ የላችሁም። ይህን ያላደረገ ሰው «ዳውንሎድ አድርጌያለሁ» አይበለኝ።

ከካዛንቺስ፦ ጋሼ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ መስመሩን በሙሉ አይቼዋለሁ፤ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተቀምጧል ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ኦንላይን ካርታ የሚመጣው በትንንሽ ምስሎች ተቆራርጦ ነው። ዙሙ አንድ ደረጃ በጨመረ ቁጥር የቁራጮቹ ብዛት በአራት ይባዛል፤ ከደረጃ 10 ወደ 14 ስትገባ ለዚያው ቦታ 256 እጥፍ ቁራጭ ያስፈልጋል። አንተ ጋ ያለው የከፈትካቸው ደረጃዎች ብቻ ናቸው። እነሱም የተቀመጡት በጊዜያዊ ማህደር ስለሆነ መሣሪያው ቦታ ሲጠበው ሳያስጠነቅቅህ ያጠፋቸዋል። ኦፍላይን የሚባለው በአፑ የዳውንሎድ ገጽ አገሩን መርጠህ ያወረድከው ነው። ፎርፍላይት (ለአይፓድና ለአይፎን የተሠራ የበረራ አፕ) ያለህ «ፓክ» የሚለውን ተጫን፤ ለመስመርህ የጎደለውን ይዘረዝርልሃል። ከዚያ በኋላም ኤርፕሌን ሞድ፣ ዘግቶ መክፈት፣ ማየት።

ከአራት ኪሎ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ ጂፒኤሱም አብሮ ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም። ጂፒኤስ የሚቀበለው ከሳተላይት ነው፤ ሲም ባይኖርም ይሠራል። ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ግን ጂፒኤስ የለውም፤ ቢሮ ውስጥ ያለህበትን የሚያሳይህ በአካባቢው ዋይፋይ ገምቶ ነው። ከመሬት ስትነሳ ነጥቡ ባለበት ይቀራል። ሲም የሚቀበለውን ግዙ።

ከፒያሳ፦ ለዚህ እኮ ነው አንድሮይድ ይሻላል የምለው። ስልኩ ሁሉ ጂፒኤስ አለው፣ ርካሹም ሞልቷል።

ከሜክሲኮ፦ ፎርፍላይት አንድሮይድ ላይ የለም፣ ወንድሜ። ምኑን ልትከፍትበት ነው?

ከፒያሳ፦ አፕ እሱ ብቻ ነው እንዴ? ደግሞ ዋይፋይ ብቻ ላለው አይፓድም በብሉቱዝ የሚገናኝ የጂፒኤስ መቀበያ አለ።

መልስ፦ መቀበያው ይሠራል፤ እሱ ልክ ነው። የስልክ ክርክሩን ግን ሌላ ቀን ጨርሱት። ዳታ ሳይከፈት ጂፒኤሱ ቦታ እስኪይዝ ደቂቃዎች ሊፈጅ ስለሚችል ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ሰማይ በሚታይበት ቦታ ክፈቱት። ቀጥሉ።

ከስታዲየም፦ ካርታው ከወረደ የተራራው ማስጠንቀቂያም አብሮ ይወርዳል አይደል?

መልስ፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ካርታው ምስል ነው። የመሬት ከፍታው ሌላ ፋይል ነው፣ በብዙ አፕ ለብቻው ይወርዳል። ካላወረድከው ተራራ ሲቀርብህ አፑ ቀይና ቢጫ አይቀባልህም፤ አንተ ደግሞ ቀይ አለማየትህን «መንገዱ ነፃ ነው» ብለህ ታነበዋለህ።

ብዙ አፖች የሚነሱበት የከፍታ ዳታ በየካቲት 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) ኤንዴቨር መንኮራኩር በ11 ቀን በራዳር የለካው ነው። ነጥቦቹ በ30 ወይም በ90 ሜትር ይራራቃሉ። አፖቹ ፋይሉን ለማቅለል ሲያሳሱት ሹል ጫፍ ከጎኑ ካለው ገደል ጋር ተደባልቆ ከእውነቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ቀጥ ያለ ገደል ባለበት ራዳሩ ያላየው፣ ኋላ በስሌት የተሞላ ቦታም አለ። ከዚያ ዓመት ወዲህ የተሠራ ደግሞ ጭራሽ አይታወቅም፦ ሠንጋ ተራ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ቆሟል፣ ለዚያ ዳታ ግን የለም። እንጦጦ ላይ ያለ አንቴናም ያው ነው። ሕንፃና አንቴና የሚገኙት መሰናክል በሚባለው ሦስተኛ ፋይል ነው፤ እሱንም አውርዱ።

ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው፣ እንጦጦ 3,200 ገደማ። ልዩነቱ ከ2,800 ጫማ በላይ ነው። ከዚያ በታች የማትበሩበትን ዝቅተኛ ከፍታ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ኤአይፒ (ይፋዊ የበረራ መረጃ መጽሐፍ) ቻርት ላይ ውሰዱ፤ በአፑ ቀለም አትወስኑ።

ከለገሃር፦ ድሮን ለማብረርስ የትኛው አፕ ይሻላል?

መልስ፦ ርዕሳችን አይደለም። መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቅ።

ከካዛንቺስ፦ ጂፒኤሱ ከአልቲሜትሩ (በአየር ግፊት ከፍታ ከሚለካው መሣሪያ) 400 ጫማ አስበልጦ ያሳያል። ዳታው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። አልቲሜትር የተሠራው ለመደበኛ አየር ነው፤ አየሩ ከዚያ ሲሞቅ ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። በዚያ ስሌት በቦሌ ከፍታ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የቀኑ ሙቀት 20 ከሆነ በ20 ይበልጣል። ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ፣ ከማረፊያው ሜዳ በላይ ላለው ከፍታ 4 በመቶ ደምር። ከሜዳው 5,000 ጫማ በላይ ስትሆን 8 በመቶው 400 ጫማ ነው። ሌላውም አውሮፕላን የሚበረው በአልቲሜትር ስለሆነ አንተም አልቲሜትርህን ያዝ። ግፊቱን በትክክል ሙላ እንጂ በጂፒኤስ አታስተካክለው።

ከአራት ኪሎ፦ ኖታም (ለአብራሪዎች የሚወጣ ማሳሰቢያ) እና የአየር ሁኔታስ ኦፍላይን ይቀመጣሉ?

መልስ፦ ይቀመጣሉ፣ ግን ያረጃሉ። የወረዱበትን ሰዓት ሳታይ አታንብባቸው። ከመነሳትህ በፊት አድስ።

ከሜክሲኮ፦ ሰዓቱ ዙሉ (ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ዩቲሲ) ስለሆነ ሰው ይሳሳታል። ከዙሉው 3 ቀንሱ፣ የኛን ሰዓት ይሰጣችኋል፤ 0600 ዙሉ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

መልስ፦ ልክ ነው። የቻርቱ ኤይራክም (የማደሻ ዙሩ) በየ28 ቀኑ ሐሙስ በ0000 ዙሉ ይቀየራል፤ በኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ሐሙስ ማለዳ የምትበሩ አዲሱን ረቡዕ አውርዱ።

ከለገሃር፦ የድሮውን 1 ለ50,000 ወረቀት ካርታ ስካን አድርጌ ብጭነውስ?

መልስ፦ የድሮዎቹ የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (ካርታው ቦታን የሚለካበት መነሻ) ነው። ጂፒኤስህ በሌላ ዳተም ስለሚሠራ የወረቀቱን የዩቲኤም ቁጥር (ቦታውን የሚጠቁመውን) ሳትቀይር ካስገባህ ከ200 ሜትር በላይ ትስታለህ። ቀይረህ ጫን፣ ወይም ተወው።

ከስታዲየም ሌላዋ፦ ዘግይቼ ነው የመጣሁት፤ ካርታው መውረዱን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ከላይ ሁለቴ ተጽፏል። አንብቢው፣ እህቴ።

ከፒያሳ፦ የኔ ዳውንሎድ አይጀምርም። ዋይፋዩ ይሠራል።

መልስ፦ «አይጀምርም» ምን ማለት ነው? የትኛው አፕ? ስንት ጊጋ ባዶ ቦታ አለህ? ምን የሚል ጽሑፍ ይወጣል?

ከፒያሳ፦ 20 ጊጋ ባዶ ነው። ስለ ሰርተፊኬት የሆነ ነገር ይላል።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። የታብሌቱን ቀን ተመልከት። ዓመቱ በእጅ በኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ መሣሪያው 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ቀርቷል። የሰርቨሩ ሰርተፊኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ዲጂታል መታወቂያ) ገና ያልጀመረ መስሎት ግንኙነቱን ይዘጋል፤ ኤይራኩንም ያምታታብሃል። ቀንና ሰዓቱን በራሱ እንዲሞላ አድርግና ታብሌቱን አጥፍተህ አብራ፤ ከዚያ ዳውንሎዱን ከመጀመሪያው ጀምር፣ በግማሽ የቀረውን ፋይል ሰርዘህ።