ሰው ጥሎት ወደወጣው የጨረር ቀጣና ለመጓዝ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ሁላችንም ፊዚክስ የተማርነው እዚሁ አራት ኪሎ ነው። ቸርኖቤልን በዓይናችን ለማየት ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥለናል፤ አሁን ገንዘቡ ሞልቷል። ዝግጅቱን ከምን እንጀምር? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ቸርኖቤልን፣ ዩክሬን ውስጥ የኑክሌር ማመንጫ የፈነዳበትን ቦታ፣ ለጊዜው ተዉት። ምክንያታችን ጨረሩ አይደለም። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር ከቤላሩስ ተነስቶ ወደ ኪየቭ ሲያመራ ያለፈው በዚሁ ቀጣና ነው። ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ለቆ ሲወጣ ጫካው ውስጥ ፈንጂ ቀረ። የጎብኚዎች ጉዞም ጦርነቱ ሲጀመር ተቋረጠ። ዶሲሜትር (የጨረር መለኪያ መሣሪያ) ጨረሩን ይነግራችኋል፤ የተቀበረ ፈንጂን ግን አያውቅም። በጓሮ በር አስገባችኋለሁ የሚል ደላላ ቢመጣ አትስሙት።

ዕቁባችሁን ጃፓን ወዳለው ፉኩሺማ አዙሩት። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. መጠኑ 9.0 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በዚያ ላለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ከውጭ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ አቋረጠ፤ የተከተለው ሱናሚ ደግሞ መጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን አጥለቀለቃቸው። ማቀዝቀዣ ያጡ ሦስት የኑክሌር ማብላያዎች ቀለጡ። በ20 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ሕዝብ ቤቱን ጥሎ እንዲወጣ ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው መሬት አፈሩ ተጠርጎ ተከፍቷል። በዚያ የሚያልፈው የጆባን ባቡር መስመር መጋቢት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. እንደገና ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ፤ የፉታባ ከተማ ጣቢያ አካባቢም ነሐሴ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነዋሪ እንዲመለስበት ተፈቀደ። የቀረው ክፍል በብረት አጥር ተዘግቷል፤ ያለ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ መግባት ያስቀጣል። ከአጥሩ ማዶ የሚታየው ባዶ ቤት የሰው ንብረት ነው፤ ባለቤቱም በሕይወት አለ። ይህን ከመንገዱ ሁሉ በላይ አስታውሱ።

መጀመሪያ ቪዛው። የጃፓን ኤምባሲ የየቀኑን የቆይታ መርሐ ግብር በጽሑፍ ይጠይቃችኋል፤ የምታድሩባቸውን ከተሞች፣ ኢዋኪም ሆነ ሚናሚሶማ፣ ሳትደብቁ ጻፉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ናሪታ ያደርሳችኋል። ከቶኪዮ ኡዌኖ ጣቢያ «ሂታቺ» የተባለው ፈጣን ባቡር ወደ ፉታባ ይሄዳል፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ችግሩ ከኢዋኪ አልፎ እስከ ፉታባ የሚዘልቀው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። አንዱ ካመለጣችሁ ቀኑ ሊባክን ስለሚችል ኢዋኪ ማደሩን እንመርጣለን።

ቀኑን ለሦስት ቦታ ብቻ ስጡት። አንደኛው ፉታባ ያለው የአደጋው መታሰቢያ ሙዚየም ነው፤ ከጣቢያው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሁለተኛው ናሚዬ የሚገኘው፣ ሱናሚ እንደመታው ተጠብቆ የቆየው የኡኬዶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛው ቶሚዮካ ያለው፣ የማብላያዎቹን ማፍረሻ ሥራ የሚያስረዳው ማዕከል ነው። አራተኛ ቦታ ከጨመራችሁ በጥድፊያ ከአስፋልት መውጣት ይመጣል፤ ስህተት የሚሠራውም ያኔ ነው።

አስፋልቱን ዝናብ አጥቦታል፤ ከአደጋው የቀረው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ ሲዝየም፣ ግን ከሸክላ አፈር ጋር ከተጣበቀ አይለቅም። ስለዚህ የሚጠራቀመው የድንጋይ ሽበት በሚበቅልበት ግድግዳ ሥር፣ አሸንዳው ውኃ በሚያፈስበት፣ በቦይና በበሰበሰ ቅጠል ላይ ነው። መንገዱ መሐል 0.2 ማይክሮሲቨርት (ሰው የሚወስደው የጨረር መጠን መለኪያ) በሰዓት ያነበበ መሣሪያ ሁለት እርምጃ ርቆ አሸንዳ ሥር ሲደርስ ብዙ እጥፍ ሊያነብ ይችላል። መሬት ላይ አትቀመጡ፤ ሻንጣና የካሜራ እግር ፌስታል ላይ ይቀመጥ። እንጉዳይና የዱር ፍሬ አትንኩ።

ልብስ ረጅም እጅጌ ያለው፣ ለስላሳና አቧራ የማይይዝ ይሁን። ጋቢና ነጠላ ሆቴል ይቅር፤ ጭራቸው አቧራ ይሰበስባል። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ማስክ፣ ሁለት ሊትር ውኃ፣ እርጥብ ሶፍት፣ ቅያሪ ጫማና ለቆሸሸው ጫማ ወፍራም ፌስታል ያዙ። ስንቅ ቆሎ ከሆነ ውጭ ቆማችሁ በእጅ እየዘገናችሁ አትብሉ፤ አቧራ ወደ ሆድ የሚገባው በእጅ በኩል ነው። ቤት ገብታችሁ፣ ታጥባችሁ ብሉ።

ፊዚክስ ስለተማራችሁ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በአማካይ 0.5 ማይክሮሲቨርት በሰዓት በሆነ ቦታ ስድስት ሰዓት ብትቆዩ 3 ማይክሮሲቨርት ነው። አውሮፕላኑ በሚበርበት ከፍታ በሰዓት ወደ 3 ማይክሮሲቨርት ይገኛል፤ ደርሶ መልስ 26 ሰዓት ገደማ ስለሆነ 80 ያህል ይመጣል። ትልቁን መጠን የምትወስዱት አየር ላይ ነው ማለት ነው። ለማነጻጸር፣ ሰው ከተፈጥሮ የሚያገኘው የዓለም አማካይ በዓመት 2,400 ማይክሮሲቨርት ነው።

ጥያቄ፦ ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ብዬ በትዕዛዝ ያስመጣሁት የጋይገር (የጨረር መቁጠሪያ) መሣሪያ ፒያሳ ቤቴ ውስጥ ቁጥሩ አንዴ 0.10፣ አንዴ 0.25 ይላል። ተበላሽቷል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ቶሎ ስላነበቡት ነው። አነስተኛ ቱቦ ያላቸው መሣሪያዎች በተፈጥሮ ጨረር በደቂቃ 20 ጊዜ ያህል ብቻ ይቆጥራሉ። ከ20 ቆጠራ የሚጠበቀው መዋዠቅ 4 ወይም 5 ነው፤ ሩቡን ያህል ማለት ነው። 10 ደቂቃ ቢጠብቁ 200 ቆጠራ ያገኛሉ፤ መዋዠቁም ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። የአንድ ቦታ ንባብ የሚመዘገበው መሣሪያው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ነው።

አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ከሕዋ የሚመጣው ጨረር ከባሕር ጠረፍ ከተሞች ይበልጣል። ግራናይት በተለበጠ ሕንፃ አጠገብ ሲቆሙም ንባቡ ከፍ ሊል ይችላል። ከጉዞው በፊት ሁለት ሳምንት እንጦጦ፣ መስቀል አደባባይና ቤትዎ እየለኩ ማስታወሻ ይያዙ፤ የራስዎን መነሻ ሳያውቁ የፉታባ ቁጥር ምንም አይነግርዎትም።

ዝናብ ሲጀምር ንባቡ ከፍ ቢል አይደንግጡ፤ ዝናቡ ከአየር ላይ ያወረደው፣ ሬዶን ከተባለው የተፈጥሮ ጋዝ የሚወለድ ጨረር አመንጪ ቅንጣት ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። በአውሮፕላን ጣቢያው ኤክስሬይ ውስጥ በርቶ ያለፈ መሣሪያ ድምሩ ላይ ያልወሰዱትን መጠን ይጨምራል፤ አጥፍተው ያሳልፉት። መሣሪያውን በቀጭን ፌስታል ጠቅልለው ይያዙ፤ ራሱ አቧራ ከነካው ከዚያ በኋላ የሚለካው ራሱን ነው። ማስጠንቀቂያውን በሰዓት 3.8 ማይክሮሲቨርት ላይ ያድርጉት። ጃፓኖች በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (20,000 ማይክሮሲቨርት) ለሚለው ወሰናቸው የሚጠቀሙበት የሰዓት ቁጥር እሱ ነው። ከጮኸ መንስኤውን አይፈልጉ፤ በመጡበት ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ፉኩሺማ ልትሄድ ነው። የአዮዲን ክኒን ልግዛላት? ስትመለስስ የልጅ ልጄን ብታቅፈው አይተላለፍበትም? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እናታችን፣ ክኒኑን አይግዙ። የአዮዲን ክኒን በአንገት ላይ ያለውን የእንቅርት ዕጢ የሚጠብቀው ጨረር ከሚያመነጨው አዮዲን 131 ብቻ ነው። የእሱ ግማሽ ዕድሜ (በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 8 ቀን በመሆኑ የ2003ቱ ካለቀ ቆይቷል። አሁን መሬቱ ላይ በዋናነት የቀረው ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት የሆነው ሲዝየም 137 ነው፤ በእሱ ላይ ክኒኑ አይሠራም።

ጨረር ያለበት ቦታ ቆማ የተመለሰች ሴት ራሷ ጨረር አትረጭም። ሊተላለፍ የሚችለው አቧራ ነው፤ እሱም በጫማና በልብስ። ማታ ሆቴል ስትገባ ጫማዋን በር ላይ ታውልቅ፣ ሶሉን በእርጥብ ሶፍት ትጥረግ፣ ፀጉሯን ትታጠብ። ይህን ካደረገች ልጁን ትቀፈው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን፣ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም፣ ጉዞውን ከወሊድ በኋላ እንድታደርገው እንመክራለን።